ከአሮጌ ወርክሾፕ የወጣ የቢች ጠረጴዛ ቶፕ፦ ከ2 ሜትር ከ40 ወደ 1 ሜትር ከ60 እንዴት ይቆረጥ?

ሰጋቱራ (ጠያቂ)

ሰላም ባለሙያዎች፣

አሮጌ የአናጺ ጠረጴዛ ቶፕ አለኝ። እንጨቱ ቢች ነው፤ 17 ጠባብ ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቀው የተሠራ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 76 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 62 ሚሊ ነው። የምፈልገው 1 ሜትር ከ60 በ60 ሳንቲ የሆነ አነስ ያለ የሥራ ጠረጴዛ ነው።

ያለበት ሁኔታ፦

በቀኝ ጫፍ አንዱ የኮላ መስመር ተከፍቷል፤ ስንጥቁ ከላይ ሲታይ 17 ሳንቲ ይገባል። በግራ በኩል ሞርሳ (እንጨት ነክሶ የሚይዝ ማሰሪያ) የታሰረባቸው አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁሉም ከግራ ጫፍ በ25 እና በ45 ሳንቲ መካከል ናቸው። በሁለቱም ረጃጅም ጎኖች ላይ 25 ሚሊ ስፋት ያላቸው ክብ የእንጨት ውታፎች ይታያሉ፤ ከግራ ጫፍ 20፣ 70፣ 120፣ 170 እና 220 ሳንቲ ላይ። ላይኛው ፊት በዘይትና በደረቀ ኮላ ጠቁሯል። የታችኛው ፊት ግን ንጹሕ ነው፤ ቀለምም ቫርኒሽም አልነካውም።

ያሉኝ መሣሪያዎች፦ ባለ 190 ሚሊ ዲስክ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ (ጥልቀቱ 66 ሚሊ)፣ ባለ 12 ሚሊ እግር ቢት የሚይዝ ራውተር፣ የእጅ መላጊያ፣ አራት ክላምፕ።

ጥያቄዎቼ፦ የቱን ጫፍ ላንሳ? መጀመሪያ ርዝመቱን ልቁረጥ ወይስ ስፋቱን? ውታፎቹ ምንድን ናቸው? 66 ሚሊ የሚወርድ መጋዝ 62 ሚሊ እንጨት በአንድ ጊዜ ይጨርሳል ወይስ ገልብጬ ከሁለቱም ፊት ልምጣበት? የሚተርፈውን ቁራጭስ ለማእድ ቤት መክተፊያ ማድረግ ይቻላል?

---

ባለመሮ

ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በውታፎቹ ስለሆነ ከእነሱ ልጀምር። በሁለቱም ጎን ፊት ለፊት ሆነው፣ እኩል ተራርቀው ከተቀመጡ ከኋላቸው ቶፑን በስፋቱ ሰንጥቆ የሚያልፍ የብረት ዘንግ አለ ማለት ነው። ጫፍና ጫፉ ጥርስ ወጥቶለት በዳዶና በሮንዴላ የታሰረ ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ሚሊ ውፍረት አለው። እንደ ገለጻህ አምስት ዘንግ አለህ። ማግኔት ከላይ ብታስኬድ ላያገኘው ይችላል፤ ዘንጉ ከፊቱ 30 ሚሊ ያህል ጠልቆ ነው የሚተኛው። ይልቅ አንዱን ውታፍ መሃሉን በ6 ሚሊ ፑንታ ቀስ ብለህ ብሳው፤ ብረት ሲነካ ድምፁም ይለወጣል፣ ሰጋቱራውም ይቆማል።

እንግዲህ የመቁረጫ ቦታ ስንመርጥ ሦስት ነገር መሸሽ አለብን፦ ስንጥቁን፣ የሞርሳውን ቀዳዳዎችና ዘንጎቹን።

የኮላ መስመር ስንጥቅ ዓይን ካየው በላይ ነው የሚሄደው። 17 ሳንቲ ከታየ ጫፉ ላይ ገና ያልተከፈተ ግን የለቀቀ ቦታ ይኖራል። ለማወቅ መስመሩን በአልኮል ወይም በቲነር በረጠበ ጨርቅ ጥረገውና ጠብቅ። ፊቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይቆያል። መስመሩ የሚያልቅበትን በእርሳስ ምልክት አድርግና ከዚያ በኋላ ቢያንስ 5 ሳንቲ ጨምር። ከላይም ከታችም ሞክረው፤ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ።

ስለዚህ በቀኝ በኩል ከ25 ሳንቲ በላይ መነሳት አለበት። ከግራ ጫፍ 210 ሳንቲ ላይ ብትቆርጥ 30 ሳንቲ ይወጣል፤ ስንጥቁም የ220ው ዘንግም አብረው ይሄዳሉ። በግራ በኩል 50 ሳንቲ ላይ ብትቆርጥ የሞርሳው ቀዳዳዎች በሙሉና የ20ው ዘንግ ይሄዳሉ። ከ50 እስከ 210 ልክ 160 ሳንቲ ነው። የቅርቡ ዘንግ ከግራው መቁረጫ 20 ሳንቲ፣ ከቀኙ ደግሞ 10 ሳንቲ ስለሚርቅ መጋዙ ብረት አያገኝም። ከአንድ ጫፍ ብቻ 80 ሳንቲ ቢነሳ ግን ወይ ስንጥቁ ወይ ቀዳዳዎቹ አንተው ጋ ይቀራሉ።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ርዝመቱ፣ ቀጥሎ ስፋቱ። አንደኛ ክብደቱ። 2.40 በ0.76 በ0.062 ስታባዛ 0.113 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ የደረቀ ቢች በሜትር ኩብ 720 ኪሎ ያህል ስለሆነ ቶፑ 80 ኪሎ ገደማ ነው። ርዝመቱ ሲያጥር 54 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ያዞረዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅምሃል፦ አግድም ስትቆርጥ መጋዙ የሚወጣበት ጠርዝ ሁልጊዜ ይሸረፋል። መጋዙን ከሚቀረው ጎን አስገብተህ ወደሚነሳው ጎን አስወጣ። ሽርፋቱ ከስፋቱ ከሚነሳው 16 ሳንቲ ጋር አብሮ ይወገዳል።

ስፋቱን የትኛው ላይ እንደምትቆርጥም ቁጠር። 76 ሳንቲ ለ17 ሲካፈል እያንዳንዱ ጣውላ 45 ሚሊ ያህል ነው። 60 ሳንቲ ላይ ስትቆርጥ ከ14ኛው ጣውላ 19 ሚሊ ይቀርልሃል፤ በቂ ነው። ጣውላዎቹ እኩል ካልሆኑና መስመርህ ከኮላው 3 ወይም 4 ሚሊ ብቻ የሚርቅ ከሆነ ግን መስመሩን አንቀሳቅስ። እንዲህ ያለ ቀጭን ልጥፍ ክላምፕ በታሰረበት ቁጥር እየተላጠ ይወድቃል።

ሌላ ምክር፦ ገልብጠው። ንጹሑ የታችኛው ፊት የአዲሱ ጠረጴዛ ላይኛ ፊት ይሁን። የእግሩ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ካሉበት በእንጨት መድፈን ዘይት የጠጣ ፊት ከማጽዳት በጣም ይቀላል።

---

ዳዶና ሮንዴላ

ባለመሮ ያለው ልክ ነው፤ አግድም ስትቆርጥ ዘንጎቹን ሳትነካ ታልፋለህ። በስፋት ስትሰነጥቀው ግን የ70፣ የ120 እና የ170 ዘንጎች መንገድህ ላይ ናቸው። ሦስቱም ቀድመው መውጣት አለባቸው።

ውታፉን ለማውጣት መሃሉን በ5 ሚሊ ፑንታ ብሳና ረጅም የእንጨት ቪቴ አስገባበት። የቪቴው ጫፍ ከኋላ ያለውን ብረት ሲገፋ ውታፉ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ካልሆነ በጠባብ መሮ ከመሃል ወደ ዳር ሰባብረው፤ ዳሩን ግን አትንካ፣ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ቢቆይ ይጠቅምሃል። ከዚያ ዳዶውን በቱቦ ቁልፍ ፍታ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አታርከፍክፍ፤ በጠብታ ብቻ፣ ዳዶው ላይ። እንጨቱ ከጠጣው በኋላ ውታፍ በኮላ አይዝም።

ዘንጉ በመዶሻ ሲወጣ ጥርሱ እንዳይደፈጠጥ ዳዶውን ከጫፉ ጋር እኩል አድርገህ መልሰህ አስገባው፤ የምትመታው ዳዶውን ይሁን። ዳዶው የቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ ፍታውና በሌላ ቀጭን ብረት እየገፋህ ቀሪውን አስወጣ።

ከተሰነጠቀ በኋላ መልሶ ማስገባት አስፈላጊ ነው ወይ? የኮላ መስመሮቹ ጤነኛ ከሆኑ አያስፈልግም፤ ቶፑን የሚይዘው ኮላው ነው። አዲስ በተቆረጠው ጫፍ ላይ እያንዳንዱን መስመር በቀጭን የብረት ማስመሪያ ሞክር። የትኛውም ካልገባ ቀዳዳዎቹን በክብ እንጨት ድፈናቸውና እርሳቸው። ከአንድ በላይ መስመር ከከፈተልህ ግን ዘንጎቹን በ16 ሳንቲ አሳጥረህ፣ ጥርስ አስወጥተህ መልሳቸው። ሙሉውን ጥርስ የሆነ ዘንግ መግዛትም ይቻላል።

ለዳዶው ማረፊያ 25 ሚሊ ስፋት፣ 30 ሚሊ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በአዲሱ ጎን ላይ ያስፈልግሃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ መሃሉ ቀድሞ ስለተበሳ የ25 ሚሊው ፑንታ ሹል ጫፍ የሚይዘው ነገር ያጣና ይዋልላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቀዳዳው ልክ የሆነ አጭር ክብ እንጨት አጥብቀህ አስገባ፣ መሃሉን ምልክት አድርግ፣ በእሱ ላይ ብሳ። ሲያልቅ የተረፈውን ክብ እንጨት ገፍተህ አውጣው።

ዳዶውን ስታስር መጠነኛ ይሁን። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል። ብረቱ አላሰፋው ሲል ከሮንዴላው ሥር ያለው ቃጫ ይጨፈለቃል፤ ደረቅ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ይጠብና ዳዶው ይላላል። አብዝቶ ያጠበቀ ሰው ነው መልሶ መልሶ የሚያጠብቀው።

---

ሰጋቱራ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ 50 እና 210 ላይ ተስማምቻለሁ። አንድ ዳዶ ዝጎ አልፈታ ቢልስ? ብረትም እንጨትም የሚቆርጥ ዲስክ አስገብቼ ዘንጉን ከእንጨቱ ጋር አብሬ ብቆርጠው ችግር አለው?

---

ዳዶና ሮንዴላ

አታድርገው። ምስማር የሚችሉ የማፍረሻ ዲስኮች አሉ፤ እነሱ ግን የ4 ሚሊ ምስማር እንጂ የ12 ሚሊ ዘንግ እንዲቆርጡ አልተሠሩም። በዚያ ላይ እንጨቱ ውስጥ 60 ሚሊ ጠልቆ ያለ ዲስክ ብረት ነክሶ ቢይዝ መጋዙ ተስፈንጥሮ ወዳንተ ነው የሚመጣው። አንደኛው ዳዶ ካልተፈታ ተቃራኒውን ጎን ፍታና ዘንጉን ዳዶው ከቀረበት ጎን አስወጣው። ሁለቱም እምቢ ካሉ በአንዱ በኩል ዳዶውን ባለ ሁለት ጎን አድርገህ በጠባብ የብረት መሮ ሰንጥቀው፣ ወይም ጥርሱን በፑንታ ብላው። ጉድጓዱ 25 ሚሊ ስለሆነ ለመሥራት ቦታ አለ።

---

ጥርስ 24

አሁን ወደ መጋዙ እንሂድ። 66 ሚሊ ለ62 ይበቃል፤ ገልብጠህ ከሁለት ፊት መምጣት አያስፈልግህም። ያ ዘዴ የመጋዙ ጥልቀት ለማይደርስ ውፍረት ነው። ዋጋም አለው፦ ሁለቱ መስመሮች በግማሽ ሚሊ ከተሳሳቱ መሃል ላይ ደረጃ ይወጣል፤ ያንን ደረጃ የተቆረጠ የቃጫ ጫፍ ላይ መላግ አድካሚ ነው። መጋዙ በባቡር (እንጨቱ ላይ በሚቀመጥ መሪ ሀዲድ) የሚሄድ ከሆነ ግን የባቡሩ ውፍረት ከ66ቱ ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ የመጋዙ ጫማ (ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ብረት) ቀጥታ እንጨቱ ላይ ይሂድ፣ መሪው በጎን የታሰረ ቀጥ ያለ ጣውላ ይሁን።

ዲስኩ 24 ጥርስ ያለው፣ አዲስ ወይም የተሳለ ይሁን። ባለ 60 ጥርስ ለስላሳ ይቆርጣል ብለህ እንዳትወስድ። በዚህ ውፍረት ሰጋቱራው መውጫ ያጣል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ቢች ደግሞ ሲቃጠል ጊዜ አይፈጅበትም። የጠቆረ ጫፍ የሚያሳየው ወይ ዲስኩ እንደደነዘዘ ወይ መጋዙ አንድ ቦታ እንደዘገየ ነው።

ከመቁረጥህ በፊት ፊቱን ጥረግ። የሥራ ጠረጴዛ ፊት የብረት ብናኝና የተሰበረ ምስማር ይበላል። በመስመሩ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ያህል በፍቂያ ፋቀው፣ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ ከዚያ ጠንካራ ማግኔት ደጋግመህ አስኪድበት። ማግኔት ነሐስ፣ አሉሚኒየምና እርሳስ አያገኝም፤ ጠጠርም አያገኝም፤ ዓይንህን ጨምር። የተሰበረ ምስማር ካገኘህ ዙሪያውን በመሮ አትቆፍር፤ ጫፉን በሞረድ ጥርስ ያወጣህለት ቀጭን የብረት ቱቦ መሰርሰሪያ ላይ አስረህ በምስማሩ ዙሪያ አስገባ። ምስማሩ ከነእንጨቱ ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ቀዳዳውም ለመድፈን የተዘጋጀ ይሆናል።

ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር በአሮጌው ጫፍ አትመን። በትንሽ ስኳድራም አትመን፤ በ30 ሳንቲ ላይ ግማሽ ሚሊ የሳተ ስኳድራ 76 ሳንቲ ላይ ሲደርስ 1.3 ሚሊ ይስታል። ከሚቀረው ረጅም ጎን ተነስተህ 80 ሳንቲ ለካ፣ በአግድም 60 ሳንቲ ለካ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 100 ሳንቲ እስኪመጣ አስተካክል። በመጀመሪያ ግን ያ ጎን ራሱ ቀጥ ማለቱን በተወጠረ ክር ተመልከት።

የዲስኩንም ቀጥታ አረጋግጥ። ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ስኳድራውን ከጫማው ወደ ዲስኩ አስጠጋ፤ ጥርሱ ላይ ሳይሆን አካሉ ላይ። ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል 62 ሚሊ ሲወርድ ከግማሽ ሚሊ በላይ ይስታል። በመጋዙ ላይ ያለው የዲግሪ ምልክት ለዚህ ሥራ አይበቃም።

መሪውን ስታስር ከጫማው ጠርዝ እስከ ዲስኩ ያለውን ርቀት በሜትር አትለካ። ትርፍ ጣውላ ላይ መሪ አስረህ አንድ ጊዜ ቁረጥና ከመሪው እስከ ተቆረጠው ጠርዝ ያለውን ለካ። ትክክለኛው ቁጥር እሱ ነው። ዲስኩ የሚበላው ሁልጊዜ ከሚጣለው ወገን ይሁን፤ ከመስመሩም 1.5 ሚሊ ራቅ በል፣ ለማስተካከያ።

አሁን ዋናው፣ ድጋፉ። ቶፑን መሬት ላይ በተነጠፉ አራት እኩል ወፍራም ጣውላዎች ላይ አስተኛው፤ ሁለቱ በሚቀረው በኩል፣ ሁለቱ በሚቆረጠው በኩል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ከመስመሩ 10 ሳንቲ ያህል የራቁ። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸው መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል። የሚቆረጠው ጫፍ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሊያልቅ ሲል በክብደቱ ይሰበርና ከሚቀረው ላይ ረጅም ስንጣሪ ይዞ ይሄዳል። ድጋፉ ዳርና ዳር ብቻ ሆኖ መሃሉ ከሰረገ ደግሞ ዲስኩ የከፈተው መንገድ ከላይ ይዘጋና ዲስኩን ይነክሰዋል፤ መጋዝ ወደ ኋላ የሚስፈነጠረው በዚህ ነው። የ50 ሳንቲው ቁራጭ ብቻውን 17 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ጥቁሩ ፊት ወደ ላይ፣ ንጹሑ ወደ ታች ይሁን። ሰርኩላር መጋዝ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚሸርፈው የላይኛውን ፊት ነው። የጠረጴዛህ አዲስ ፊት ከታች ተጠብቆ ይቆያል።

በመጀመሪያው ዙር 3 ሚሊ ብቻ፤ ይሄ የላይኛውን ቃጫ በንጹሕ ይቆርጥልሃል። ቀጥሎ 22፣ ቀጥሎ 43፣ በመጨረሻ 66። በአንድ ዙር 62 ሚሊ ቢች መግፋት ሞተሩን ያደክማል፣ ዲስኩንም ወደ ጎን ያጎብጠዋል። በዙሮቹ መካከል መሪው መነቃነቅ የለበትም። ከሦስተኛው ዙር በኋላ በተከፈተው መንገድ ላይ በዲስኩ ውፍረት ልክ የሆነ ቀጭን ሽብልቅ ጣል፣ እንዳይዘጋ። ቆመህ ስትገፋ ከመጋዙ ኋላ ሳይሆን በጎን በኩል ሁን። ማራዘሚያ ገመድ የምትጠቀም ከሆነ ወፍራም ይሁንና ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፤ ተጠቅልሎ የሚሠራ ገመድ ይግላል፣ መጋዙም ጉልበት ያጣል።

የቀረውን 1.5 ሚሊ በራውተር ታነሳዋለህ፦ ኳስ (መሪውን ተደግፎ የሚሽከረከር ኩሽኔታ) ያለው ቀጥ ቢት፣ መሪው መስመሩ ላይ በትክክል የታሰረ፣ በየዙሩ 12 ሚሊ ጥልቀት። ቢቱ 50 ሚሊ ብቻ የሚረዝም ከሆነ ገልብጠህ ኳሱን በተስተካከለው ፊት ላይ እያስኬድክ የቀረውን 12 ሚሊ ጨርስ። ጫፉን ፊት ለፊት እያየህ ከግራ ወደ ቀኝ ግፋ።

---

መላጊያ

ከጥርስ 24 ጋር አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ለ76 ሳንቲ የተቆረጠ ጫፍ ራውተርና ኳስ ያለው ቢት ማዘጋጀት ረጅም መንገድ ነው። ከመስመሩ ግማሽ ሚሊ ብቻ ርቆ መቁረጥና በተሳለ መላጊያ መጨረስ ይቻላል። ቃጫውን በአልኮል አርጥበው፣ ይለሰልሳል። ከሁለቱም ጎን ወደ መሃል ላግ፤ አንዱን ጎን ዘልቀህ ከወጣህ ጥጉ ይሰነጠራል። ራውተሩን ለስፋቱ ተጠቀምበት፤ 1 ሜትር ከ60 ረጅም ጎን ላይ በእርግጥ ያተርፋል።

ማንም ያላነሳው፦ እንጨቱ ከየት መጣ? እርጥበት ካለበት መጋዘን ከወጣ፣ ከመቁረጥህ በፊት በሥራ ቦታህ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀምጠው። ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፣ መሬት ላይም ቀጥታ አታስተኛው፤ ከሥሩ ጣውላ ነጥፈህ አየር ከላይም ከታችም እኩል ያግኘው። አንዱ ፊት ብቻ ሲደርቅ ቶፑ እንደ ጎድጓዳ ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ ደልድለህ ብትላገው በኋላ ተመልሶ ይጣመማል።

መደልደሉ ከመቁረጥ በኋላ ይሁን። 2 ሜትር ከ40 ላይ 6 ሚሊ የተጣመመ ቶፕ፣ ጥምዝምዙ በርዝመቱ እኩል ከሆነ፣ 1 ሜትር ከ60 ላይ 4 ሚሊ ብቻ ነው። ያልተቆረጠውን ብትደለድል ሊጣል የታሰበውን ጫፍ ለማስተካከል ከሚቀረው ላይ ውፍረት ትከፍላለህ። ጥምዝምዙን ለማየት ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ አስቀምጥና ዝቅ ብለህ የአንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ተመልከት። ካልተመሳሰሉ ከፍ ያሉትን ሁለት ጥጎች በእርሳስ ጠቁራቸውና ከእነሱ ጀምር። ከአንድ ፊት 2 ሚሊ ካነሳህ ከሌላውም ተቀራራቢ አንሳ።

ዘይት የጠጣውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አትጀምረው። ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል፣ ሙቀቱም ዘይቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ በፍቂያ ፋቅ፣ በቲነር በረጠበ ጨርቅ ጥረግ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ላግ። ከሥር የሚሆን ፊት ስለሆነ ውብ መሆን የለበትም፤ ኮላ ወይም ብሎን የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ ይላግ።

---

ማስክ አድርጉ

ለመክተፊያው፦ አይሆንም። የአናጺ ወይም የመካኒክ ጠረጴዛ ዓመታት ሙሉ ምን እንደፈሰሰበት አይታወቅም፦ የሞተር ዘይት፣ ሟሟ፣ ከብየዳ የተረፈ እርሳስ። ላዩ ቢላግም የጠጣው በስንጥቅና በቃጫ ጫፍ በኩል ጠልቆ ገብቷል። ምግብ አይንካው።

በዚሁ ምክንያት ጥቁሩን ፊት በደረቁ አትሰንድረው፤ እርሳስ ካለበት ብናኝ ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። በፍቂያ የወጣውን ሰብስበህ ጣለው። ንጹሑ እንጨትም ቢሆን ብናኙ አደገኛ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ቢችና ኦክ በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ ይነሳሉ። ተራ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ብናኝ የሚያጣራ፣ ፊት ላይ የሚገጥም ማስክ አድርግ።

---

ሰጋቱራ (ጠያቂ)

መክተፊያው ቀርቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ከተቆረጠ በኋላ ጫፎቹን ምን ልቀባቸው? ከእግሮቹ ጋርስ እንዴት ልሰረው፣ ባለ ማዕዘን ብረት በየጥጉ ብመታ ይበቃል?

---

ባለመሮ

ጫፎቹን በቆረጥክበት ቀን ዝጋቸው። እርጥበት በተቆረጠ የቃጫ ጫፍ ከፊቱ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይገባል፣ ይወጣልም፤ አዲስ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሙሉውን የምትቀባውን ያንኑ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ተጠቀም፤ የመጀመሪያውን ዙር አቅጥነው፣ እስኪጠግብ ድረስ ደጋግም። ከታች ያለውንም ፊት ከላይኛው እኩል ቀባ። የተልባ ዘይት ከሆነ የቀባህበትን ጨርቅ ጨብጠህ አትጣለው፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ዝፈቀው።

ማሰሪያውን በተመለከተ አራቱንም ጥግ በጠባብ ቀዳዳ አጥብቀህ ከመታህ ቶፑን ትሰነጥቀዋለህ። የእንጨቱ እርጥበት በ4 ፐርሰንት ቢለዋወጥ 60 ሳንቲ ስፋት ያለው ቢች ከ5 እስከ 10 ሚሊ ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ልዩነቱ ጣውላዎቹ ከግንዱ በተቆረጡበት አቅጣጫ ነው። በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም። ስለዚህ በፊት በኩል ያሉትን ብሎኖች አጥብቃቸው፤ የፊቱ ጠርዝ ከእግሩ ጋር እኩል ሆኖ እንዲቆይ፣ ሞርሳም የሚታሰረው እዚያ ስለሆነ። በኋላ ያሉት የሚያልፉበት ቀዳዳ ግን ሞላላ ይሁን፤ በስፋቱ አቅጣጫ ከብሎኑ ግራና ቀኝ 10 ሚሊ ክፍት፣ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ። ቶፑ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ክብደቱ ራሱ ያግዝሃል፤ ብሎኑ እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ነው ሥራው።

---

ጥርስ 24

የ16 ሳንቲውን ቁራጭ አትጣለው። 1 ሜትር ከ60 ነው፤ መሃሉ ላይ ብትቆርጠው ሁለት የ80 ሳንቲ፣ እያንዳንዱን ደግሞ በቁመቱ ብትሰነጥቀው 62 በ77 ሚሊ የሆኑ አራት እግሮች ይወጣሉ። ከተላገው ቶፕ ጋር ሲደመር ቁመቱ 85 ሳንቲ ገደማ ይመጣል።

የዘንጎቹ ቀዳዳዎች እግሮቹ ላይ ይኖራሉ፤ ሁለቱ እግሮች ከአንዱ ጫፍ 20 እና 70 ሳንቲ ላይ፣ ሁለቱ መሃላቸው ላይ። በኮላና በክብ እንጨት ድፈናቸው፤ አግዳሚውን የምታስገባበትን ጉድጓድ ከእነሱ ቢያንስ 3 ሳንቲ አርቀው። የሞርሳ ቀዳዳ ያለበት የ50 ሳንቲው ቁራጭ ደግሞ ንጹሕ ከሆነው ወገኑ ለአዲሱ ሞርሳ መንጋጋ የሚሆን እንጨት ያወጣል። ከመቁረጥህ በፊት ግን የ20ው ዘንግ አሁንም ውስጡ እንዳለ አትርሳ።